ለመንዳት የሚመች ጫማ፦ የሚባለውና እውነታው

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ሶሉ ሶስት ጣት የሚወፍር ነጭ ስኒከር ገዝቶ መጣና "ቀኑን ሙሉ ቪትዝ ውስጥ ነው የምውለው፣ ለእግሬ ምቾት ብዬ ነው" አለኝ፣ እኔም አምሮብሃል ብዬው አለፍኩ። በሳምንቱ ሳገኘው ያ ጫማ ከኋላ ወንበር ተጥሎ እሱ የድሮ ሸራ ጫማውን አድርጓል። ምነው ስለው "ባክህ ፍሬን መያዜን ራሱ አያሳውቀኝም" አለ። እኔም ጥቂት አመት ሜትር ታክሲ ስለነዳሁ ስለ ጫማ ሲወራ አፌን መያዝ አልችልም፣ በዛ ላይ ሹፌሮች መሃል ስለዚህ ነገር የሚወራው ብዙው ልክ አይደለም፣ እስቲ አንድ በአንድ ላንሳው።

"ሶሉ በለሰለሰ ቁጥር ለመንዳት ይመቻል"

ይሄ ለእግር ጉዞ ነው የሚሰራው። ስትራመዱ እግራችሁ መሬቱን ይመታል፣ ስፖንጁ ምቱን ይቀበልላችኋል። መኪና ውስጥ ግን እግር የሚመታው ነገር የለም፣ ተረከዛችሁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የእግራችሁ ፊት ብቻ ነው ከነዳጅ ወደ ፍሬን ከፍሬን ወደ ነዳጅ ሲል የሚውለው፣ መገናኛ አካባቢ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከሆናችሁማ ስንቴ እንደሆነ መቁጠርም አይቻልም። ሶሉ ስፖንጅ ሲሆን መጀመሪያ የምትረግጡት ስፖንጁን ነው፣ እሱ ተጨምቆ ሲያልቅ ነው ፍሬኑ የሚጀምረው፣ ስለዚህ ወይ አንሳችሁ ትይዛላችሁ ወይ ደግሞ ድንገት አጥብቃችሁ ትይዙና ኋላ የተቀመጠው ሰው ስልኩ ከእጁ ያመልጣል። እንግሊዝ አገር ለአሽከርካሪ የሚሰጠው የተለመደ ምክር ሶሉ ከ10 ሚሊ ሜትር ባይወፍር ነው የሚለው፣ ከትንሿ ጣታችሁ ውፍረት አነስ ያለ በሉት። ሌላው የነዚህ ስኒከሮች ጣጣ ስፋታቸው ነው፣ ሶሉ ከጫማው ወደ ውጪ ወጣ ስለሚል እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ጠርዙ የፍሬኑን ጎን ይይዛል።

ስስ ከሆነስ? እሱም ልክ አለው። መንዳት የተማርኩት ፍሪሲዮኗ፣ ማለትም ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ፔዳል፣ ድንጋይ የሆነ አሮጌ ዲኤክስ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ሶሉ እንደ ወረቀት የሳሳ ጫማ አድርጌ ሄጄ ማታ የግራ እግሬ መሃሉ ቀልቶ ነበር፣ ያስተምሩኝ የነበሩት ጋሼ አይተው "ልጄ፣ እግርህ ፔዳሉን ይወቀው እንጂ አይቆረጥበት" አሉኝ። ከዛ በኋላ ጫማ ስገዛ የምለካው በዚችው አባባል ነው።

"ለቅርብ መንገድ ነጠላ ጫማ ምን ችግር አለው"

ይሄን እኔም እል ነበር። እሁድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ሸበጤን እንዳደረግኩ ወጣሁ፣ ከቤት እስከ ዳቦ ቤቱ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ልጅ ኳስ ተከትሎ ገባ፣ እግሬን ከነዳጅ ወደ ፍሬን ሳዞር የሸበጡ አፍ ፍሬኑ ስር ገብቶ እጥፍ አለ፣ እግሬ ሄደ ጫማው ቀረ። በባዶ ጣቴ የፍሬኑን ጠርዝ አግኝቼ ያዝኩት፣ ልጁም እኔም ተርፈናል፣ ግን ዳቦውን ሳልገዛ ነው የተመለስኩት ምክንያቱም ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነበር። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል፣ እግር ከሸበጥ ጋር ሲታገል ደግሞ አንድ ሰከንድ በቀላሉ ያልቃል። ችግሩ ሸበጥ ርካሽ ወይ ቀላል መሆኑ አይደለም፣ ከኋላ ተረከዝ የሚይዝ ነገር የለውም። የኋላ ማሰሪያ ያለው ሰንደል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ክሮክስም ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጣችሁ ከነዳችሁበት በቃ ሸበጥ ነው።

"በባዶ እግር መንዳት በህግ ክልክል ነው"

ይሄን በተለይ ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቻችን በእርግጠኝነት ነው የሚያወሩት፣ ቨርጂኒያ የሚነዳ የአክስቴ ልጅ ፖሊስ ካየህ ይቀጣሃል ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። እውነቱ ግን እዛ አገር በየትኛውም ግዛት መኪና በባዶ እግር መንዳትን የሚከለክል ህግ የለም፣ እንግሊዝም የለም፣ የእንግሊዙ የመንገድ ደንብ የሚለው ጫማችሁና ልብሳችሁ መኪናውን በአግባቡ እንዳትቆጣጠሩ አያድርጋችሁ ነው። ያ ማለት ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ድንገተኛ ፍሬን ስትይዙ ባለ ጠንካራ ሶል ጫማ ጉልበታችሁን ፔዳሉ ላይ ያሳርፍላችኋል፣ ባዶ እግር ግን ሲያልበው ይንሸራተታል፣ መስታወት የተሰበረ እንደሆነም ከመኪናው የምትወርዱት በባዶ እግር ነው።

ደግሞ ያወለቃችሁት ጫማ የት ነው ያለው? አብዛኛው ሰው እግሩ ስር ነው የሚያስቀምጠው፣ ቁልቁለት ላይ ወይ ፍሬን ሲያዝ ተንሸራቶ ፍሬኑ ስር ይገባል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ለማስተካከል መልሶ የጠራው የወለል ምንጣፉ የነዳጅ ፔዳሉን ሊይዘው ይችላል ተብሎ ነው። ምንጣፍ እንዲህ ካደረገ ጫማ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ቅያሪ ጫማ ከያዛችሁ ከጎን ካለው ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ አድርጉት፣ የራሳችሁ ወንበር ስር አይደለም፣ እዛ የተቀመጠ ነገር ወደ ፊት መምጣቱ አይቀርም።

"ታኮ ለምጄዋለሁ"

እህቴ ናት ይሄን የምትለው። አንድ ቀን እሷ ስትነዳ ጎኗ ቁጭ ብዬ እግሯን አየሁት፣ የታኮው ጫፍ የላስቲክ ምንጣፉ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ተረከዟ አየር ላይ ነው ያለው፣ ከነዳጅ ወደ ፍሬን ስትሄድ እግሯን ማዞር ስለማትችል ሙሉ ጭኗን ነው የምታነሳው። እስቲ የታኮውን ጀርባ አሳይኝ አልኳት፣ የቀኙ ቆዳ ተልጦ ነጭ ሆኗል የግራው ግን አዲስ ነው። ያስደነገጣት የኔ ምክር ሳይሆን የጫማው መበላሸት ነው፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ፍላት ጫማ ይዛ ነው የምትወጣው፣ ለምን ይሁን ለምን ደስ ብሎኛል።

"አውቶማቲክ ስለሆነ ጫማ ለውጥ የለውም"

ኧረ እንዲያውም። አውቶማቲክ ላይ ሁለቱንም ፔዳል የሚሰራው አንድ እግር ነው፣ ማኑዋል ላይ ቢያንስ ፍሪሲዮን ረግጣ ሞተሩን ከጎማው የምትለይ ግራ እግር አለች፣ እዚህ ግን ሰፊ ቡትስ አድርጎ ፍሬንና ነዳጅ ባንዴ የረገጠ ሰው መኪናው ለምን እንደሚያጓራ አይገባውም። የሳይት ሰራተኞች ብረት ያለውን ሴፍቲ ቡትስ እንዳደረጋችሁ አትንዱ፣ ብረቱ የጣታችሁን ስሜት ይወስደዋል።

"የመኪና ሎፈር ለመታየት ነው"

እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር የመሰለኝ። ያ ከስሩ የላስቲክ ነጠብጣብ ያለው ሎፈር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጣሊያን ውስጥ ለሹፌር ተብሎ የተሰራ ነገር ነው፣ ነጠብጣቡ ከሶሉ አልፎ ተረከዙ ላይ ወደ ላይ የሚወጣው ስትነዱ ወለሉን የሚነካው እሱ ስለሆነ ነው። ሶሉ ስስ ነው፣ ፔዳሉን ይይዛል፣ ምንም አይወጣለትም። ግን ለኛ ኮብልስቶን አይሆንም፣ ወርዳችሁ ብዙ የምትራመዱ ከሆነ ነጠብጣቡ ቶሎ ያልቃል፣ በሱ ብር መርካቶ ጥሩ የላስቲክ ሶል ያለው የአገር ውስጥ የቆዳ ጫማ ብትገዙ ይሻላል። ሶሉ ራሱ ቆዳ የሆነውን የሰርግ ጫማ ግን ተዉት፣ ክረምት ላይ ሳሙና ነው። በነገራችን ላይ በዝናብ እግራችሁ የሚንሸራተት ከሆነ ጫማውን ከመርገማችሁ በፊት የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ እዩት፣ ብዙ ጊዜ አልቆ ብረቱ ያበራል፣ መቀየሩ ብዙም አያስወጣም።

"እግሬን ያመመኝ ጫማው ነው"

ሊሆን ይችላል፣ ወንበሩም ሊሆን ይችላል። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ጉልበታችሁ ትንሽ እንኳን ካልታጠፈ ወንበሩ ርቋል ማለት ነው፣ በጣታችሁ ጫፍ ነው እየነዳችሁ ያላችሁት። የስኳር ህመም ያለበት ሰው እግሩ እየደነዘዘ ከመጣ ግን የጫማ ጉዳይ ብሎ አይለፈው፣ ፔዳሉን እየለየ መሆኑን ለሀኪሙ ይንገረው።

"ለመንዳት ጠበብ ያለ ነው የሚሻለው"

ተረከዙ ጋ አዎ፣ ጣቱ ጋ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለ እግር ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የነበረው ማታ ይቆነጥጣል፣ ስለዚህ ጫማ ለመግዛት ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ሁለቱንም እግር ለኩ፣ ተለቅ ባለው ግዙ። እኔ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ተረከዜን ወለሉ ላይ አድርጌ የእግሬን ፊት ግራ ቀኝ አዞራለሁ፣ ከዛ የጫማውን ካርቶን ግድግዳ ላይ አስደግፌ በቀስታ እገፋዋለሁ፣ ካርቶኑ ሲጎብጥ ጣቴ ስር ከተሰማኝ እገዛዋለሁ። ባለፈው ሻጩ አይቶኝ አይቶኝ "ወንድሜ፣ መንጃ ፈቃዱም አብሮ ይምጣልህ?" አለኝ፣ ሳቅን፣ ዋጋውን ግን አንድ ብር አልቀነሰም።