የሰውነት ቅርጽ አመዳደብና ከጠባይ ጋር ያለው ዝምድና

ሶማቶታይፕ ሰዎችን በስባቸው መጠን፣ በጡንቻና በአጥንታቸው ግዝፈት እንዲሁም በቅጥነታቸው የሚለይ የአመዳደብ ዘዴ ሲሆን፣ ቅርጹ የባለቤቱን ጠባይ ያሳያል የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ አብሮት ኖሯል። በደሴና በኮምቦልቻ ስያሜውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ግምቱን ያውቀዋል፤ ድንቡሽቡሹ ሳቂታ፣ አጭሩ ቁጡ፣ ረጅሙ የዋህ፣ ከሲታው ሐሳበኛ ነው ሲባል ይሰማል።

ቋንቋችን ራሱ ጠባይን በአካል ክፍሎች ይገልጻል። ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ፣ ጨካኙ ልበ ደንዳና፣ ፈሪው ሐሞተ ቢስ ይባላል። የጥንቱ የግሪክ ሕክምናም ተቀራራቢ ሐሳብ ነበረው፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሙ ጋለን ያስፋፋው ትምህርት ጤናና ጠባይ በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት ሚዛን ይወሰናሉ ይል ነበር። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ የሰው ሥጋ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት እንደተፈጠረ ይነገራል፤ ይህ ግን ወፍራሙን ከቀጭኑ ለመለየት የተሰጠ ትምህርት አይደለም።

ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ኤርንስት ክሬችመር በ1921 እ.ኤ.አ. የሰውነት ቅርጽን ከአእምሮ ሕመም ዓይነቶች ጋር አያያዘ። ከእርሱ በኋላ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዊሊያም ሼልደን 4,000 ያህል የወንድ ተማሪዎችን ፎቶግራፍ መርምሮ በ1940 እ.ኤ.አ. ሦስት መለኪያዎችን አቀረበ፤ እነርሱም ኢንዶሞርፊ (የስብ መጠን)፣ ሜዞሞርፊ (የጡንቻና የአጥንት ግዝፈት) እና ኢክቶሞርፊ (ቅጥነት) ናቸው። እያንዳንዱ ሰው በሦስቱም ከ1 እስከ 7 ነጥብ ስለሚሰጠው፣ ዛሬ በየጂሙ እንደሚደረገው አንድን ወጣት «ኢክቶሞርፍ ነህ» ብሎ በአንድ ስም መመደብ ከዘዴው አሠራር ጋር እንኳ አይስማማም። ሼልደን ለክቡ ሰው ምቾትና ተግባቢነትን፣ ለፈርጣማው ድፍረትን፣ ለቀጭኑ ቁጥብነትን ሰጠ።

ዋናው ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ቅርጹን የመዘነው ሼልደን ጠባዩንም ራሱ ስለመዘነ፣ አስቀድሞ የጠበቀውን ማየቱ አይቀርም ነበር፤ ሁለቱ ምዘናዎች ተለያይተው በተደረጉባቸው ጥናቶች ዝምድናው በእጅጉ ደክሞ ተገኝቷል። በተጨማሪም ሼልደን ቅርጽ ከልደት ጀምሮ የማይለወጥ ነው ብሎ ያምን ነበር። የደሴ ልብስ ሰፊ ግን ከዓመታት በፊት የሰፋውን ሱሪ ይዞ «ወገቡን አስፋልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ የቀድሞውን ስፌት ፈትቶ፣ አዲሱን ልክ በሜትር ወስዶ ይሰፋለታል፤ ወገቡ ይጨምር እንጂ ሰውየው ያው ነው። በኮምቦልቻ ኩንታል እየተሸከመ የሚያድር ወጣት ትከሻና ጭንም የሥራው ውጤት ነው። ወሎ በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት ያየው ክሳት የረሃብ እንጂ የጠባይ ምልክት አልነበረም፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው ከመክሳት ባሕርይ አነባለሁ የሚልን ትምህርት በቀላሉ ሊቀበል አይገባውም።

በ1967 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ባርባራ ሂዝና ሊንድሴ ካርተር የሶማቶታይፕን አሠራር ከጠባይ አላቅቀው በልኬት ላይ አቆሙት። በዚህ ዘዴ ቁመትና ክብደት፣ በአራት ቦታዎች የቆዳ እጥፋት ውፍረት፣ የክርንና የጉልበት አጥንት ስፋት፣ የክንድና የባት ዙሪያ ይለካሉ። ከእነዚህ 10 ልኬቶች የሚወጡት ሦስት ቁጥሮች በስፖርት ሳይንስ አትሌቶችን ለማነጻጸርና የሰውነትን ለውጥ ለመከታተል ያገለግላሉ። ለምሳሌ 2-5-3 የሚለው ውጤት ስቡ አነስተኛ፣ ጡንቻው ጎላ ያለ፣ ቅጥነቱ መጠነኛ የሆነን ሰውነት ያመለክታል።