«ሜድላር ካልበሰበሰ አይጥምም»

እንግሊዞች ዘንድ የቆየ አባባል ነው። ለእኛ ጆሮ ግራ ይገባል። የበሰበሰ ፍሬ ይጣላል እንጂ ይጥማል እንዴ?

ሜድላር የፖምና የፒር ዘመድ ነው። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ጫፉ የተከፈተ ፍሬ። ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ሲለቀም ድንጋይ ነው። ታኒን የሚባለው ጎምዛዛ ነገር ስለሚበዛበት የቀመሰውን ሰው አፍ ጭምድድ ያደርጋል። ስለዚህ ጭድ ላይ ተደርድሮ ጥቂት ሳምንት ይቆያል፣ እኛ ጥሬ አቮካዶ በጋዜጣ ጠቅልለን እንደምንጠብቀው። ሜድላር ግን ሲደርስ የተበላሸ ይመስላል። ልጡ ይጨማደዳል፣ ውስጡ ይጠቁራል፣ ይላሽቃል። ያኔ በማንኪያ እየተጫረ ይበላል። ጣዕሙ ወደ ቴምር ይጠጋል።

አባባሉ ወደ ሰው ሲዞር መረር ይላል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቻውሰር አንድ ሽማግሌ ገጸ ባሕሪውን ራሱን ከዚሁ ፍሬ ጋር እንዲያመሳስል አድርጎታል፤ እኛ ሽማግሌዎች ካልበሰበስን አንበስልም ይላል። ብስለቱ ሲመጣ ጉልበቱ ሄዷል ነው ነገሩ። (በአማርኛ «በሰለ» እና «በሰበሰ» እንዴት እንደሚቀራረቡ ልብ በሉ። ሽማግሌው አማርኛ ቢያውቅ ይህቺን አያልፋትም ነበር።)

ግን እውነት በስብሷል? ፍሬው አልሻገተም፣ አልገማም። በበሰለና በበሰበሰ መሀል ነው ያለው። ለዚህ መሀል ስም የፈለገው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ በ1835 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይኛ ወስዶ «ብሌት» የሚል ግስ እንግሊዝኛ ውስጥ አስገባ።

የገጠሩን ሰው ግን ቃል አልቸገረውም። በመካከለኛው እንግሊዝ፣ በሚድላንድስ በኩል፣ ልስልስ ብሎ መበላሸት የጀመረ ፍሬ «ሮክሲ» ነው። በምዕራብ እንግሊዝ የበሰበሰ እንጨት «ዳዶክ» ይባላል። ስኮትላንድ ውስጥ እንደ ስፖንጅ የሆነ ተርኒፕ (ሥሩ የሚበላ አትክልት) «ፎዚ» ነው። እንዲህ ያሉትን የየአካባቢውን ቃላት ጆሴፍ ራይት ከ1898 እስከ 1905 እ.ኤ.አ. በ6 ቅጽ ባሳተመው መዝገበ ቃላት ሰብስቧል። ራይት በልጅነቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ ማንበብ የቻለው በ15 ዓመቱ ገደማ ነው። በኋላ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ።

እኔ የወደድኩት ግን ለፒር የሚሉትን ነው። ከውስጥ መላሸቅ ሲጀምር «ስሊፒ» ይሉታል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያለው እንደማለት። ሜድላሩንም እንዲሁ ቢሉት ምን ነበረበት? ሊንድሊ ግን ቃል ፍለጋ ፈረንሳይኛ ድረስ ሄደ።