የታክስና የጂዲፒ ጥምርታ ምንድን ነው? «ሕዝቡ ግብር አይከፍልም» ማለት ነው?

የሐኪሞች ደመወዝ ሲነሳ፣ የመምህራን ኑሮ ሲነሳ፣ በየክሊኒኩ መድኃኒት ጠፋ ሲባል አንድ ቁጥር አብሮ ብቅ ይላል። «የታክስና የጂዲፒ ጥምርታችን እኮ ሰባት በመቶ አካባቢ ነው!» ከዚያ ፍርዱ ይከተላል። «ኢትዮጵያዊ ግብር መክፈል አይወድም። ሳይከፍል አገልግሎት ከየት ይምጣለት?»

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ ይህንኑ በቴሌቪዥን ሲደግመው ሰማሁ። ስሙን አልጠራም። እንዲህ የሚለው እሱ ብቻ አይደለም። የያዘው ቁጥር ለእውነት የቀረበ ነው፤ ችግሩ ከቁጥሩ ተነስቶ የደረሰበት ቦታ ነው። ሥራዬ የመንግሥትን የገቢና የወጪ ሰንጠረዥ ማገላበጥ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ።

ትርጉሙ አጭር ነው። በዓመት የተሰበሰበውን ታክስ ሁሉ ደምሩ። አገሪቱ በዚያው ዓመት ላፈራችው ምርትና አገልግሎት ጠቅላላ ዋጋ፣ ማለትም ለጂዲፒው፣ አካፍሉት። የእኛ በ2007 ገደማ ከ12 በመቶ በላይ ነበር። በ2016 ወደ ሰባት በመቶ አካባቢ ወረደ። የአፍሪካ አገሮች አማካይ 16 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ነው የሚለው አያከራክርም። የሚያከራክረው «ማን ነው ያልከፈለው?» የሚለው ነው። ለዚያ ደግሞ ጥምርታው መልስ የለውም።

ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ የሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ አስቡ። 12 ሰው ጭኗል። ታሪፉ 20 ብር ነው እንበል። ረዳቱ በሩ አጠገብ ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች ሀያ ሀያ ብር ተቀበለ። ሌሎቹ አልከፈሉም። የተሰበሰበው 60 ብር ነው። ለ12 ሲካፈል ለአንድ ሰው አምስት ብር ደረሰ። አሁን የእኛ ተንታኝ ብድግ ይልና «ይኸው፣ የዚህ ታክሲ ተሳፋሪ አምስት ብር ብቻ ነው የሚከፍለው! ታሪፍ ይጨመር!» ይላል። ታሪፉ ተጨመረ። ረዳቱ እጁን የዘረጋው ወደማን ነው? ወደዚያው፣ በር አጠገብ ወዳሉት።

በሩ አጠገብ የተቀመጠው የወር ደመወዝተኛው ነው። ነርሷ፣ መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው። ግብሩ ብሩን ሳያየው ይቆረጣል። መደበቅ ቢፈልግም አይችልም። እስቲ የሱን ሒሳብ እንሥራ፤ ተንታኙ ያልሠራው ይህንን ነው።

በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከደመወዝ የመጀመሪያውን 600 ብር ነፃ አደረገ። ከ10,900 ብር በላይ ያለውን 35 በመቶ ጣለበት። በዚያ ዓመት 5,000 ብር የሚያገኝ ሰው የሚቆረጥበት 697 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። 14 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ይኸው ሰው በ2016 ደመወዙ 15,000 ደረሰ እንበል። ሦስት እጥፍ! ግን በእነዚያ ዓመታት የዕቃ ዋጋም ከሦስት እጥፍ በላይ ወጥቷል። ስለዚህ ሰውየው ወደ ኋላ ሄደ እንጂ አልበለፀገም። የግብር ሠንጠረዡ ግን ቁጭ ብሎ ነበር። አንዲት ብር አልተነቃነቀም። ስለዚህ 3,750 ብር ተቆረጠበት። 25 በመቶ።

ደግማችሁ አንብቡት። ሰውየው ከደመወዙ የሚወሰድበት ድርሻ ከ14 ወደ 25 በመቶ ሲወጣ፣ የአገሪቱ ጥምርታ ከ12 ወደ 7 ይወርድ ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው። በአንድ ጊዜ፣ በአንድ አገር። ለዚህ ሰው «አንተ እኮ ግብር አትከፍልም» ማለት ድፍረት ነው። የሰባት በመቶ የጡረታ መዋጮውንም አልቆጠርኩም። (እግረ መንገዴን፦ ብዙ ዓለም አቀፍ ሰንጠረዦች የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮን እንደ ታክስ ይደምራሉ፤ የእኛ አሐዝ አብዛኛውን ጊዜ አይደምርም። አገር ከአገር ስታወዳድሩ ይህን አትርሱ።)

ሠንጠረዡ በመጨረሻ በሐምሌ 2017 ተሻሽሏል። ነፃው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ጥሩ ነው፣ አላናንቀውም። በአዲሱ ስሌት የባለ 15,000ው ግብር 3,200 ብር ሆኗል። ግን በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ዋጋ ከአራት እጥፍ በላይ ስለጨመረ 2,000ው የያኔውን 600 አይገዛም። 35 በመቶውም ከ14,000 ብር በላይ ይጀምራል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ 14,000 ብር የሀብታም ደመወዝ ነው የሚል ካለ የቤት ኪራዩን ይንገረኝ።

ወደ ታክሲው ልመለስ። ጋቢና የተቀመጡት እነማን ናቸው? የሹፌሩ እንግዶች። ከቀረጥ ነፃ ያስገቡ፣ የግብር እፎይታ የተሰጣቸው። ሕገወጥ አይደሉም፤ ወረቀት አላቸው። አንዳንዱ እፎይታ ምክንያት አለው፣ ፋብሪካ ያመጣል፣ ሥራ ይፈጥራል። አንዳንዱ ግን ጊዜው አልፎም ይቀጥላል። መጨረሻ ወንበር ላይ ያሉት ደግሞ ሒሳብ ሲባል እንቅልፍ የሚወስዳቸው ናቸው። ያለ ደረሰኝ የሚሸጠው፣ ሁለት መዝገብ የሚይዘው፣ ኮንትሮባንዱ።

መሀል ላይ የተቀመጠው ገበሬው ነው፤ ስለሱ ትንሽ ማብራራት አለብኝ። ግብርና ከጂዲፒያችን ሲሦ ገደማ ይይዛል። የጎጃም ገበሬ አምርቶ ቤቱ የሚበላው ጤፍ እንኳ ተገምቶ ጂዲፒ ውስጥ ይገባል። ገበያ ያልወጣ፣ ብር ያልሆነ እህል ነው። ከዚያ ላይ የሚሰበሰብ ታክስ የለም። ያለው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ይህንን ለክልሎች ሰጥቷል። መጠኑም ትንሽ ነው። እና የሚካፈልበት ቁጥር ውስጥ ሲሦውን የሚይዘው ዘርፍ፣ ከላይ ባለው ቁጥር ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ገበሬው ግብር ሸሸ ማለት ግን አይደለም። ይልቅ በነፃ ጉልበቱ እርከን ይሠራል፤ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለመንገድ ያዋጣል። ይህ ሁሉ ጥምርታው ውስጥ አይቆጠርም።

ከተማውም መዋጮ አያጣም። የመንግሥት ሠራተኛው ከ2003 ጀምሮ የወር ደመወዙን እየሰጠ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ሲገዛ ነበር። ቦንድ ብድር ነው፣ ታክስ አይደለም፤ ጥምርታው ውስጥ አለመግባቱ ተገቢ ነው። ግን ከኪሱ ለወጣበት ሰው ያ ልዩነት ብዙም አይታየውም። ሌላም አለ። መንግሥት ለዓመታት የበጀት ጉድለቱን በከፊል ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ ሲሸፍን ቆይቷል። ብሩ ሲበዛ ዋጋ ወጣ። ኪስ ውስጥ ያለው ብር አቅም አጣ። ባለሙያዎች ይህንን የዋጋ ንረት ግብር ይሉታል። እሱም አይቆጠርም።

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ይንገዳገዳል፤ ራሴ ልናገር። ታክሲ ውስጥ ያልከፈለ ሰው በቃ አልከፈለም። በአገር ግን መጨረሻ ወንበር ላይ የተኛውም ቢሆን የሞባይል ካርድ ሲሞላ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከፍሏል። ከውጭ የመጣ ሳሙና፣ ልብስ፣ ባትሪ ሲገዛ ጉምሩክ ላይ የተከፈለው ዋጋው ውስጥ አለ። ከነጋዴው ይልቅ ጉልት ላይ ተቀምጣ ቲማቲም የምትሸጠው እናት ከገቢዋ ላይ ከፍ ያለውን ድርሻ በዚህ መንገድ ትከፍል ይሆናል፤ ያገኘችውን ሁሉ እዚያው ፍጆታ ላይ ታውለዋለችና። «ግብር የማይከፍል ሕዝብ» የሚባል ነገር የለም። የንግድ ፈቃድ የሌለው፣ በመዝገብ ያልታወቀ ከፋይ ነው ያለው።

ጥምርታው ማንም ሳይሸሽም ሊወርድ ይችላል። ጂዲፒ እንደ አዲስ ሲቆጠር ለምሳሌ። ናይጄሪያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ኢኮኖሚዋን እንደገና ስትቆጥር በአንድ ጀምበር በ90 በመቶ ገደማ አደገ። የታክሱ ገንዘብ ያው ነው። ጥምርታው ግን ተኮማተረ። ታክሲው ውስጥ «ትርፍ ተጫነ» እንደማለት ነው፤ ሰው በዛ፣ ሒሳቡ ያው፣ አማካዩ ወረደ። የእኛም መውረድ ብዙ እጅ አለበት። በሰሜኑ ጦርነት ውጊያው ከነካቸው አካባቢዎች የሚገባው ተቋርጦ ነበር። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ከውጭ የሚገባውን ዕቃ ቀንሷል። ዋጋ ሲንር ጂዲፒ በብር ያብጣል፤ የታክሱ አሰባሰብ ግን አብሮት አልሮጠም።

አሁን ወደ ንዴቱ። ተንታኙ ሕዝቡ የሚያማርረው ግብር ስለሚጠላ ነው ይላል። ሐምሌ 2009 ላይ አምቦና ሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች፣ መርካቶም ጭምር ሱቅ የተዘጋው ለምን ነበር? ነጋዴው በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ ተብሎ በተጣለበት ግምት ተቆጥቶ ነው። አንዲት ሻይ ቤት ደርሶ፣ ጥቂት ጠይቆ፣ ገምቶ የሚሄድ ኮሚቴ። ያ ጥያቄ የስሌት ጥያቄ ነበር። እንዴት አሰላችሁት? ነው የተባለው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ሲጠይቁም «ሕዝቡ ካልከፈለ ከየት ይምጣ?» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ለማን ነው የሚባለው? ግብሩ በየወሩ በር ላይ ለሚቆረጥበት ሐኪም!

ተሳፋሪው 50 ብር ሰጥቶ 30 ብር መልሱን ሲጠብቅ ቢጮህ «ይህ ሰው ታሪፍ ይጠላል» አትሉትም። መልሱን ነው የጠየቀው። ጥምርታው ስለ መልሱ ዝም ይላል። ምን ያህል እንደገባ እንጂ ምን ላይ እንደዋለ አይናገርም። ከፍ ያለ ጥምርታም እርካታ አያመጣም። የኬንያ ከእኛ እጥፍ ገደማ ነው። ሰኔ 18፣ 2016 ናይሮቢ ላይ ወጣቶች ግብር በሚጨምረው አዲሱ የፋይናንስ ሕግ ተቆጥተው ፓርላማ ገቡ። ፕሬዚዳንት ሩቶ በማግስቱ ሕጉን አልፈርምም ብለው መለሱት። ቁጥራቸው የተሻለ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከእኛ የባሰ ተናዶ ነበር።

እንዲህ ስል ጥምርታው ዋጋ የለውም አላልኩም። በሰባት በመቶ ትምህርት፣ ጤና፣ መንገድ፣ ጸጥታና ዕዳ አንድ ላይ አይሸከሙም። የሐኪሙ ደመወዝም በከፊል እዚህ ላይ ነው የሚታነቀው። ግን ተንታኙ ቁጥሩን ሲጠራላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት። የፌዴራሉ ብቻ ነው ወይስ ክልሎችም አሉበት? ታክስ ብቻ ነው ወይስ የውጭ እርዳታና ታክስ ያልሆነ ገቢም ተደምሯል? ሁለቱን አደባልቆ 2007ን ከ2016 የሚያወዳድር ሰንጠረዥ አይቻለሁ፤ ያውም ግራፍ ተሠርቶለት።

መንግሥት አሁን ጥምርታውን ከፍ የሚያደርግ የመካከለኛ ጊዜ የገቢ ስትራቴጂ አውጥቷል። ከፍ ማለቱም አይቀርም። ግን አንዱ ምክንያት ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ልናገር። ከሐምሌ 22፣ 2016 በፊት ጉምሩክ የአንድን ዶላር ዕቃ በ57 ብር አካባቢ እያሰላ ነበር ቀረጥ የሚጥለው። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ግን ከመቶ በላይ በሆነ ብር ያሰላል። ኮንቴይነሩ ያው ነው። ውስጡ ያለው ዕቃም ያው ነው። የሚሰበሰበው ብር ግን ብዙ ነው። ቀጣይ ሰንጠረዥ ላይ ጥምርታው ሲነሳ፣ ያ ተንታኝ ተመልሶ «ይኸው፣ ሕዝቡ ግብር መክፈል ለመደ» ሳይል አይቀርም።