የሥዕል ነጋዴዎችና የመኳንንት ቤት ሥዕሎች

የመኳንንት ቤት ሥዕል ድለላ ማለት በውርስ በተላለፉ ቤተ መንግሥቶችና የገጠር ግቢዎች ውስጥ ተሰቅለው የኖሩ ሥዕሎችን ለይቶ ማወቅ፣ ባለቤቶቻቸውን በምስጢር ማግባባትና ሥዕሎቹን አስቀድሞ ለታወቀ አንድ ሀብታም ሰብሳቢ ማድረስ ነው። ሥራው ዛሬም አለ፤ ነገር ግን ዋነኛ ዘመኑ ከ1880ዎቹ አንሥቶ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ያለው ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። በዚያ ጊዜ ሻጮቹ በአብዛኛው የእንግሊዝ መኳንንት፣ ገዢዎቹ ደግሞ በብረት፣ በባቡርና በባንክ የከበሩ አሜሪካውያን ነበሩ። ነጋዴው ከሥዕሉ ጋር ሌሎች ሁለት ነገሮችንም ይሸጥ ነበር፤ ለባለቤቱ ገመናውን ይሸፍንለታል፣ ለገዢው ጥርጣሬውን ያስወግድለታል። የሙያው ክብርም ነቀፌታም ከእነዚህ ከሁለቱ የመጣ ነው።

የእንግሊዝ መኳንንት ሀብት መሬት ነበር። ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ የተጓጓዘው የአሜሪካ ስንዴ የእንግሊዝን ገበያ ሲያጥለቀልቀው የእህል ዋጋ ወደቀ፣ ጭሰኞች ኪራይ መክፈል አቃታቸው፣ የባላባቶቹም ገቢ ተመናመነ። ይሁንና ብዙው ርስት ከነቤቱ ቅርስ ለመጪው ወራሽ እንዲተላለፍ በሕግ የታሰረ ስለነበር፣ ያለው ባለቤት እንደ ልቡ ሊሸጠው አይችልም ነበር። ይህን ቋጠሮ የፈታው በፍርድ ቤት ፈቃድ ቅርስ እንዲሸጥ ያስቻለው የ1882ቱ ሕግ ነው። በዚያው ዓመት የሃሚልተን ቤተ መንግሥት ንብረት በክሪስቲስ ሐራጅ ቤት ለ17 ቀናት ተሸጦ ወደ 400,000 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ አስገኘ። በ1894 የተደነገገው አዲስ የውርስ ግብር ጫናውን አከበደው። በአሜሪካ በኩል ደግሞ በ1897 በሥዕል ላይ የተጣለው የ20 በመቶ ቀረጥ ከ20 ዓመት በላይ ዕድሜ ላላቸው ሥራዎች በ1909 ሲነሣ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። እንግሊዛዊውን ባላባት ያደኸየው የአሜሪካ እህል ነበር፤ ሥዕሉን የገዛውም የአሜሪካ ገንዘብ መሆኑ የዚህን ታሪክ ግማሽ ያስረዳል።

በሐራጅ መሸጥ ለመኳንንት ቤት ችግሩን በአደባባይ እንደ ማወጅ ስለሚቆጠር፣ ብዙዎች ነጋዴ በጓሮ በር እንዲመጣላቸው ይመርጡ ነበር። ነጋዴው የትኛው ቤት ዕዳ እንደ በዛበት፣ አባት የሞተበት ወራሽ ስንት ግብር እንደሚጠበቅበት፣ የትኛው ሥዕል በየትኛው ክፍል እንደ ተሰቀለ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። በዚህ ረገድ ከሁሉ የላቀው በ1869 በሃል ከተማ የተወለደው ጆሴፍ ዱቪን፣ ከትላልቅ ቤቶች እልፍኝ አስከልካዮችና አሳላፊዎች ወሬ ለማግኘት ገንዘብ ይከፍል እንደነበር ይነገራል። ሽያጩ ካለቀ በኋላ በባዶው ግድግዳ ላይ የሥዕሉን ቅጂ መስቀልም የተለመደ ነበር።

አንዳንዱ ፍለጋ ከእንግሊዝ ውጭ ይወስድ ነበር። በ1910 የብረትና የከሰል ከበርቴው ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ «ፖላንዳዊው ፈረሰኛ» የተባለውን የሬምብራንት ሥዕል ሲፈልግ፣ ሠዓሊና ሐያሲ የነበረው ሮጀር ፍራይ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ሥር ወደነበረው የፖላንድ ምድር ተጉዞ፣ ከባለቤቱ ከታርኖቭስኪ ጋር በዚኮቭ ግንባቸው ተደራድሮ በ60,000 ፓውንድ ገዛው። ሥዕሉ ዛሬም በኒው ዮርክ የፍሪክ ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ሁሉም ውል ግን አልተሳካም። በ1909 የኖርፎክ መስፍን ሠዓሊው ሆልባይን የሣላትን የዴንማርኳን ልዕልት ክሪስቲናን ምስል ለኮልናጊ የሥዕል ንግድ ቤት በ61,000 ፓውንድ ሸጡ፤ ነጋዴዎቹም ለሀገሪቱ ብሔራዊ ጋለሪ 72,000 ፓውንድ ጠየቁ። ሥዕሉ ለዓመታት በዚያው ጋለሪ በውሰት ተሰቅሎ የቆየ ስለነበር ሕዝቡ እንደ ራሱ ንብረት ይመለከተው ነበር፤ በነጋዴው ትርፍ ላይም ብርቱ ቁጣ ተነሣ። ሥዕሉን ለማስቀረት ለሚሰበሰበው መዋጮ የተሰጠው ጊዜ ሊያልቅ ሲል ማንነቱ ያልተገለጸ ለጋሽ 40,000 ፓውንድ ሰጥቶ ሥዕሉን ከመሄድ አዳነው። እኔ እንደማምነው፣ ነጋዴዎቹ የተጠሉት ስላተረፉ ብቻ ሳይሆን፣ ሽያጩን የወሰነው ባለቤት ከወቀሳው ውጭ ስለቀረም ነው፤ የባላባቱን ስም መጠበቅ የነጋዴው ሥራ ነበርና።

«ሥዕሉ በእርግጥ የተባለው ሠዓሊ ሥራ ነው ወይ?» የሚለውን የገዢውን ጥርጣሬ የሚያስወግደው የባለሙያ ቃል ነበር። የጣልያን ሥዕል ዐዋቂው በርናርድ ቤረንሰን በ1896 ቲሲያን ለስፔኑ ንጉሥ ፊሊጶስ 2ኛ የሠራው «የኤውሮፓ መጠለፍ» ከዳርንሊ ባላባት ቤት ወጥቶ ለቦስተኗ ኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ከ20,000 ፓውንድ በላይ እንዲሸጥ አመቻቸ። ቤረንሰን ከጋርድነር ኮሚሽን እየተቀበለ ከኮልናጊም ትርፍ ይካፈል ነበር። በ1912 ደግሞ ከዱቪን ጋር በምስጢር ተዋዋለ፤ በነጋዴው መዝገብ ላይ የሚጠራውም «ዶሪስ» በሚል የሽፋን ስም ነበር። ትክክለኛነቱን የሚመሰክረው ሰው ከሽያጩ ትርፍ የሚካፈል መሆኑን ገዢው አለማወቁ የዚህ ንግድ ትልቁ ነውር ነው። ያም ሆኖ ቤረንሰን ሁልጊዜ አልታዘዘም። በ1937 ዱቪን ከአለንዴል ባላባት ቤት የተገኘውን የእረኞች ስግደት ሥዕል የሠዓሊው የጆርጆኔ ነው ብሎ ለመሸጥ ሲነሣ፣ ቤረንሰን የቲሲያን ነው ብሎ ጸና፤ የረጅም ዘመን ሽርክናቸውም በዚሁ አበቃ። ሥዕሉ ዛሬ በዋሽንግተን በጆርጆኔ ስም ተሰቅሏል።

ከዱቪን ሽያጮች በሕዝብ ዘንድ እጅግ የታወቀው የ1921ዱ ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጌንዝበሮ በ1770 ገደማ የሠራውን «ሰማያዊ ለባሹ ልጅ» ከዌስትሚንስተር መስፍን ገዝቶ፣ በባቡር ሀብት ለከበረው ለካሊፎርኒያው ሄንሪ ሀንቲንግተን በ728,000 ዶላር ገደማ አሳለፈው። በጥር 1922 ሥዕሉ ከመሄዱ በፊት በለንደን ብሔራዊ ጋለሪ ለሦስት ሳምንት ሲታይ 90,000 ያህል ሰው ሊሰናበተው መጣ፤ የጋለሪው ዳይሬክተር ቻርልስ ሆምስም በሥዕሉ ጀርባ የመሰነባበቻ ቃል ጻፈበት። ልክ ከ100 ዓመት በኋላ፣ በጥር 2022፣ ሥዕሉ ለጥቂት ወራት በውሰት ወደዚያው ጋለሪ ተመልሶ ነበር።

እንግሊዝ በዚያ ዘመን ሥዕል ከሀገር እንዳይወጣ የሚያግድ ሕግ አልነበራትም። ጣልያን ግን ቀደም ብላ ትቆጣጠር ነበር፤ ልዑል ኪጂ በ1899 የቦቲቸሊን ሥዕል በመሸጣቸው በሀገራቸው ተከሰዋል፣ ሥዕሉ ግን ለጋርድነር ከመድረስ አልታገደም። በእንግሊዝ ሥርዓቱ ቅርጽ የያዘው የጥበብ ሥራዎች ከሀገር ስለሚወጡበት ሁኔታ ያጠናው የዌቨርሊ ኮሚቴ በ1952 ባወጣው ሪፖርት ነው። በእርሱ መሠረት አንድ ሥዕል ከሀገሪቱ ታሪክ ጋር ያለው ትስስር፣ የውበት ደረጃውና ለጥናት ያለው ፋይዳ ይመዘናል፤ ከፍ ያለ ግምት ከተሰጠው የመውጫ ፈቃዱ ለተወሰነ ጊዜ ዘግይቶ፣ የሀገር ውስጥ ቤተ መዘክሮች ተመጣጣኝ ገንዘብ እንዲያሰባስቡ ዕድል ይሰጣቸዋል። በግብር ምትክ ሥዕልን ለመንግሥት ማስረከብም ስለሚቻል፣ ዛሬ የባላባት ወራሾችን የሚያማክረው ነጋዴ የሰብሳቢዎችን ፍላጎት የሚያውቀውን ያህል የግብር ሕጉንም ማወቅ ይጠበቅበታል።