ኤልኢዲ አምፖል አይሞቅም? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ወዳለው የአክስቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል የሳሎኑ መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም ብሎ ጠፋ። አክስቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀና ብላ፣ "ገና መንፈቅ እንኳ አልሞላውም እኮ! ዕድሜ ልክ ይሠራል ብለው ነው የሸጡልኝ" አለች። ብሬከሩን አወረድኩ፤ ጥቂት ጠብቄም ወንበር ላይ ወጣሁ። እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተገጠመውን የመስታወት ሽፋን ስፈታው መጀመሪያ የተቀበለኝ የተለበለበ ፕላስቲክ ሽታ ነው። ሽፋኑ ውስጥ የደረቁ ዝንቦችና የእሳት ራቶች ተከምረዋል። የአምፖሉ ጭንቅላት ከሱቅ እንደወጣ ነጭ ነው። አንገቱ ግን ከመያዣው ጋር በሚገናኝበት በኩል የተቆላ ቡና መስሏል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ፕላስቲኩ ተፈረፈረ።

"ኤልኢዲ አይሞቅም አይደል እንዴ?" አለች አክስቴ።

በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ እና በዙሪያው ቤት ለቤት እየዞርኩ መብራት ስጠግን ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ሰፈር የለም። አብረውት የሚመጡ ሌሎች አባባሎችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ገንዘብ ብቻ ያስወጣሉ፣ አንዳንዶቹ ግን ሰው ይጎዳሉ።

"ኤልኢዲ አምፖል አይሞቅም"

ይሞቃል። ሰውን የሚያሳስተው ሙቀቱ የሚወጣበት ቦታ ነው።

የድሮውን ባለ 60 ዋት ባለ ሽቦ አምፖል እናስታውስ። ውስጡ ያለችው ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትግላለች፤ ብርሃን የምትሰጠውም በመጋሏ ነው። ከ60 ዋቱ ውስጥ በዓይን የሚታይ ብርሃን የሚሆነው 3 ዋት ያህሉ ነው። የቀረው አብዛኛው በማይታይ የሙቀት ጨረር መልክ ከብርሃኑ ጋር አብሮ ወደ ፊት ይወጣል። ለዚህ ነው ሥሩ ስንቀመጥ አናታችንን ያሞቀን የነበረው፤ መስታወቱም ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚግል ማንም ሳይነግረው በእጁ የሚነካው አልነበረም።

ያንኑ ያህል ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ 9 ዋት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ውስጥ ሲሶው ብርሃን ይሆናል፣ 6 ዋት ያህሉ ሙቀት ነው። በአጠቃላይ ሲታይ ከድሮው እጅግ ያነሰ ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ይህ ሙቀት ከብርሃኑ ጋር አይወጣም። ብርሃን ሰጪዎቹ ጥቃቅን ነጥቦች ከተለጠፉበት የአሉሚኒየም ሰሌዳ ተነሥቶ ወደ ኋላ፣ ወደ አምፖሉ አንገት ይጓዛል። አንገቱ ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክለው ዑደት ተቀምጧል። ስለዚህ ጭንቅላቱን የዳሰሰ ሰው "ለብ ብሏል እንጂ አልሞቀም" ብሎ ይመሰክራል፤ አንገቱ ግን በዚያው ሰዓት ከ60 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በገበያ ያሉት አብዛኞቹ አምፖሎች አሉሚኒየማቸው በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ፕላስቲክ ሙቀትን ቀስ ብሎ ስለሚያስተላልፍ ስንነካው ከውስጡ ሙቀት ያነሰ ይመስለናል። እጃችን ጥሩ ምስክር አይደለም።

ስለ ከተማችንም አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። ልዩነቱ ብዙ ባይሆንም "የኛ አገር ብርዳማ ስለሆነ አምፖሉ ራሱ ይቀዘቅዛል" ለሚሉኝ ደንበኞቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህንን ነው።

"ዋቱ ትንሽ ስለሆነ በየትኛውም ሽፋን ውስጥ ይገባል"

የአክስቴን አምፖል የገደለው ይህ እምነት ነው። በመያዣው ላይ "እስከ 60 ዋት" ተብሎ ሲጻፍ መያዣውና ሽፋኑ ስለሚችሉት ሙቀት ነው የሚናገረው። 9 ዋት ያለው ኤልኢዲ መያዣውን አያቃጥለውም፤ ልክ ነው። ነገር ግን ባለ ሽቦው አምፖል ውስጡ መስታወትና ሽቦ ብቻ ስለነበር ሙቀቱ ራሱን አይጎዳውም ነበር። ኤልኢዲ ግን አንገቱ ውስጥ ለሙቀት ስስ የሆኑ ዕቃዎች አሉት። ዋነኛዋ ካፓሲተር የምትባለው፣ የብዕር ክዳን የምታክል ነገር ናት። ውስጧ ፈሳሽ አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜዋ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ዙሪያውን በተዘጋ መስታወት ውስጥ የታፈነ አየር ደግሞ ከሰዓት ሰዓት እየሞቀ ይሄዳል። 20 ዲግሪ ጨመረ ማለት ዕድሜዋ ሩብ ሆነ ማለት ነው።

የባሰውን ያየሁት በጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ ነው። ስፖት ላይቱ ከላይ ሲገባ፣ ድምፅ እንዳያልፍ ተብሎ ስፖንጅ ተጎዝጉዞበታል። የአቡጀዲ ኮርኒስ ባላቸው የድሮ ቤቶች ደግሞ አምፖሉ ከጨርቁ ጋር ተጠግቶ፣ ላዩ ላይ የዓመታት አቧራ ተኝቶ አገኛለሁ። ኤልኢዲው እንደ ባለ ሽቦው በቀላሉ ጨርቅ አያቀጣጥልም። ግን አንገቱ ውስጥ ያለው ዑደት ሲበላሽ ምን ያህል እንደሚግል አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ጨርቅ፣ ስፖንጅ እና ወረቀት ከአጠገቡ መራቅ አለባቸው። ሕፃን እንዲተኛ ብርሃኑን ለማደብዘዝ ነጠላ ጣል የምታደርጉበት እናቶች፣ እባካችሁ ተዉት። ባለ 3 ዋት አምፖል ግዙ።

ለአክስቴ ያደረግሁት ቀላል ነው። የተዘጋውን ሽፋን ትቼ ከላይና ከታች አየር በሚያስገባ ሽፋን ቀየርኩላት፤ ባለ 9 ዋቱንም ወደ 7 ዋት ዝቅ አደረግሁት። የተዘጋውን ሽፋን የግድ የሚፈልግ ሰው ለተዘጋ ሽፋን እንደሚሆን ማሸጊያው ላይ የተጻፈበትን ይግዛ።

"25,000 ሰዓት ተብሏልና ለልጅ ልጅ ይተርፋል"

በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ ከ13 ዓመት በላይ ነው፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ግን አምፖሉ አየር እንደ ልብ በሚያገኝበት፣ የክፍሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ገደማ በሆነበት እና ኤሌክትሪኩ በተረጋጋበት ሁኔታ ነው። በታፈነ ሽፋን ውስጥ ላለ አምፖል ይህ ቁጥር አይሠራም።

"ቢጫው ይሞቃል፣ ነጩ ቀዝቃዛ ነው"

ስሙ ነው ያሳሳተው። "ሞቅ ያለ" እና "ቀዝቃዛ" የሚባሉት የብርሃኑን ቀለም ለመግለጽ ነው። ማሸጊያው ላይ 2,700 ኬልቪን የሚለው ቢጫ፣ 6,500 የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ሁለቱም ውስጣቸው አንድ ነው፦ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ነጥብ ላዩ ላይ ቢጫማ ቅብ ተቀብቶ። ቅቡ ሲለያይ ቀለሙ ይለያያል። ይህን ሰማያዊ ብርሃን ያስገኙት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። እኩል ዋት ያላቸው ቢጫና ነጭ አምፖሎች ሙቀታቸው የሚያነጋግር ልዩነት የለውም።

"ሲሰበር መርዝ ይተናል"

ይህ አባባል እውነት ያለው በሌላ አምፖል ላይ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ባለ ሽቦውን አምፖል እየቀየረ ያከፋፈለው ጥምዝምዙ "ኃይል ቆጣቢ" እና ረጅሙ ፍሎረሰንት ውስጣቸው ሜርኩሪ አለ። መጠኑ በአንድ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ጥቂት ሚሊ ግራም ነው። ኤልኢዲ ውስጥ ሜርኩሪ የለም።

ኃይል ቆጣቢው ከተሰበረ ልጆችን አስወጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ ይበትነዋል። ስብርባሪውን በደረቅ ካርቶን ዝቃችሁ፣ የቀረውን ብናኝ በፕላስተር እያጣበቃችሁ አንሡ። ከዚያ ቦታውን በእርጥብ ወረቀት ጠርጋችሁ ሁሉንም ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ዝጉት። ለቁራሌው ስትሰጡትም ምን እንደሆነ ንገሩት፤ እሱም ሳንባ አለው።

ኤልኢዲ ሲሰበር ስለ ስለታም ስብርባሪ ብቻ ተጠንቀቁ። የተሰበረው መያዣው ላይ እንዳለ ከሆነ ግን ሌላ አደጋ አለ፤ ኤሌክትሪክ ያለበት የውስጥ ሰሌዳ ተጋልጧል። ብሬከር ሳይወርድ አይነካም።

"በእጅ ከተነካ ይፈነዳል"

ይህ የሃሎጅን፣ ማለትም በጣም የሚግለው የባለ ሽቦ አምፖል ዓይነት፣ ሕግ ነው፤ የጣት ቅባት የጋለውን መስታወት ይጎዳዋልና። ኤልኢዲን ግን በባዶ እጅ መግጠም ችግር የለውም።

"ማብሪያ ማጥፊያው ከጠፋ አይነዝርም"

በደንብ በተዘረጋ ቤት እውነት ነው። የፒያሳና የአራት ኪሎ አሮጌ ቤቶች ግን ግማሹ ሽቦ በአባት ዘመን፣ ግማሹ በልጅ ዘመን፣ የቀረው ክፍል በተከራየ ቁጥር የተዘረጋ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን (ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣውን ሽቦ) ማቋረጥ ሲገባው ኒውትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) የሚያቋርጥባቸው ቤቶች ሞልተዋል። እዚያ መብራቱ ይጠፋል፣ መያዣው ግን 220 ቮልቱን እንደያዘ ነው።

ኤልኢዲ ይህን አንዳንድ ጊዜ ያጋልጣል። ሌሊት ከጠፋ በኋላ እንደ ከሰል ፍም ደብዘዝ ብሎ የሚታይ አምፖል ካላችሁ ጋኔን አይደለም፣ አምፖሉም አልተበላሸም። ጥቂት ኤሌክትሪክ እየደረሰው ነው። ምክንያቱ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ያለችው ትንሽ ጠቋሚ መብራት ልትሆን ትችላለች፤ ጎን ለጎን የተዘረጋ ረጅም ሽቦም ሊሆን ይችላል፤ የተገላበጠ ፌዝም ሊሆን ይችላል። ባለሙያ በቴስተር ይይላችሁ። እስከዚያው አምፖል ስትቀይሩ ብሬከሩን አውርዱ፣ አምስት ደቂቃ ይቀዝቅዝ፣ ደረቅ የእንጨት ወንበር ላይ ቁሙ፣ ስትፈቱም ከብረቱ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ።

መብራት ሲጠፋ "አሁን ኤሌክትሪክ የለም፣ ልቀይረው" ማለትም ያው ስሕተት ነው። መብራቱ የሚመጣው ማንንም ሳያስጠነቅቅ ነው።

"የተቃጠለችውን ነጥብ አገናኝቶ ማብራት ይቻላል"

ይህን የሚያደርጉ ልጆችን አደንቃለሁ፤ አምፖል በተወደደበት ዘመን ወድቆ የሚጣለውን ማንሣት ብልህነት ነው። ሽፋኑን ፈልቅቀው፣ መሐሏ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባትን ፈልገው፣ በብየዳ እርሳስ ያገናኟታል። ነጥቦቹ በሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትሞት ሁሉም ይጨልማሉ፤ ስትታለፍ ሁሉም ይበራሉ። የሟቿ ድርሻ ግን የትም አይጠፋም። በቀሩት ነጥቦች ወይም በዑደቱ ላይ ተጨማሪ ሙቀት ሆኖ ይመጣል፤ ቀጣዩ ሞት ይፋጠናል።

ከዚህ የሚብሰው ሽፋኑ ሳይመለስ መቅረቱ ነው። በብዙ ርካሽ አምፖሎች ውስጥ ሰሌዳው ከዋናው ኤሌክትሪክ አልተነጠለም። 220 ቮልቱ ተስተካክሎ ወደ 310 ገደማ ይደርሳል፤ ካፓሲተሯም ከጠፋ በኋላ ለጊዜው ቻርጅ ይዛ ትቆያለች። አንድ ጎረቤቴ እንዲህ የተጠገነ፣ ራቁቱን የቀረ አምፖል ከአልጋው በላይ አንጠልጥሎ አገኘሁት። ልብስ ሲቀይር እጁ ይደርስበታል። በዚያው ቀን አስወረድኩት።

"ቻርጅ የሚያደርገው አምፖል እንደ ሌላው ነው"

መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚበራው አምፖል ለብዙ ቤት እፎይታ ሆኗል። ከመያዣው ተፈትቶ ሳለ ብረቱን በእርጥብ እጅ ሲነኩት እጅ ላይ በርቶ ያስደነግጣል፤ የሚበራው ግን በውስጡ ባለው የጥቂት ቮልት ባትሪ ስለሆነ ያ አይጎዳም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ባትሪው ነው። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል፤ ሊያብጥም ይችላል። ስለዚህ ይህ አምፖል በተዘጋ ሽፋን ውስጥ ጨርሶ አይገባም፤ ሲያረጅም ከቆሻሻ ጋር አይቃጠልም።

ሰባራ ባቡር አካባቢ አንዲት እትዬ እንዲህ ያለውን አምፖል ከኤሌክትሪክ ምጣዳቸው ልክ በላይ ሰቅለውት ነበር፤ እንጀራ ሲጋግሩ መብራት ቢጠፋ እንዳይጨልምባቸው ብለው። በሳምንት ሁለት ቀን እንፋሎቱና ግለቱ ቀጥ ብሎ ይወጣበታል። ስፈታው አንገቱ ተሰንጥቆ ባትሪው እንደ ትራስ አብጦ በስንጥቁ ይታያል። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ሊፈነዳብዎት ነበር" አልኳቸው። እሳቸውም "እኔስ ኤልኢዲ ነው ብዬ እኮ ነው ልጄ" አሉኝ። መያዣውን ከምጣዱ ሁለት ሜትር አርቄ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተከልኩላቸው፤ ከምጣዱ በላይ የነበረውን ሽቦም ጫፉን ሸፍኜ ዘጋሁት።