የኮይ ኩሬ ውሃ አያያዝ

ኮይ የጃፓን ኒጋታ ግዛት ገበሬዎች ለምግብ ከሚያረቡት ካርፕ መካከል በ19ኛው መቶ ዘመን ቀለም ያላቸውን እየመረጡ ያወጡት የጌጥ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ቶኪዮ ላይ ለኤግዚቢሽን ከቀረበ ወዲህ ዝናው ወጣ። የቅርብ ዘመዱን ካርፕን የዝዋይና የቆቃ ዓሣ አስጋሪዎች ያውቁታል።

ኮይ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ብዙ ይበላል፣ ብዙም ያቆሽሻል። ከሁሉ የሚከፋው አሞኒያ የተባለው መርዛማ ቆሻሻ ነው። ዓሣው በአብዛኛው በሚተነፍስበት ስንጥብ ያስወጣዋል፤ የተረፈ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም ይጨምርበታል። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ቀላል ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይት ራሱ መርዝ ነው፦ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግዳል፣ ሲበረታም የዓሣው ስንጥብ ቅላቱን ለቆ ቡናማ ይሆናል።

ባክቴሪያዎቹ እስኪባዙ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ይዘገያል። አዲስ ኩሬ ቆፍሮ ወዲያው በዓሣ የሚሞላ ሰው ዓሦቹ ኩልል ባለ ውሃ ውስጥ ሲያልቁበት ግራ ይገባዋል። የውሃው ኩልል ማለትና ጤንነቱ አንድ አይደሉም፤ አሞኒያና ናይትራይት በዓይን ስለማይታዩ በመመርመሪያ ጠብታ መለካት ግድ ነው። የሁለቱም ልክ ዜሮ መሆን አለበት። ፒኤች (የውሃው አሲድነት ወይም አልካላይነት መለኪያ) እና ሙቀት ሲጨምሩ ያው የአሞኒያ መጠን ይበልጥ ይመርዛል።

አልጌ ያለበሰው አረንጓዴ ውሃ ቀን ቀን እምብዛም አይጎዳም። ሌሊት ግን አልጌው ኦክስጅን ይሻማል፤ ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ ከውሃው ፊት ላይ አፋቸውን ከፈት ከደን ካደረጉ አየር አጥሯቸዋል ማለት ነው። ሙሉ ኦክስጅን የያዘ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ሲይዝ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። ይህ በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ከዚያ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ የአየር ፓምፕ ቅንጦት አይደለም።

በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛውን መቀየር ናይትሬቱን ያሳሳዋል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ግን ስንጥቡንም ባክቴሪያዎቹንም ስለሚያቃጥል አስቀድሞ በሶዲየም ታዮሰልፌት ይሰበራል። ስፖንጁም በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ከኩሬው በተቀዳ ባልዲ ውሃ ለቅለቅ ተደርጎ ይመለሳል። ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ መመገብ ይቆማል፤ የዓሣው ሆድም የማጣሪያው ባክቴሪያም ያኔ ሥራቸው ይዳከማል።