ስስ ብረት እንዴት ይጎብጣል፦ ከኮምቦልቻ ሼዶች እስከ ደሴ ጣሪያዎች

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ ከእሱ በፊት የነበሩት የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ሰፋፊ ጣሪያ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለ ጣሪያ ዛሬ በብዛት የሚያርፈው ሳይግል በታጠፈ ስስ ብረት ላይ ነው። ላሜራው እሳት ሳያየው በማጠፊያ ማሽን ያልፍና የሲ (C) ወይም የዜድ (Z) ቅርጽ ያለው ፐርሊን፣ ማለትም የጣሪያ ቆርቆሮ የሚመታበት አግዳሚ ብረት፣ ይሆናል፤ ውፍረቱም ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ሽቅብ ወደ ደሴ ሲወጣ በየብየዳ ቤቱ የሚቆረጠው ቱቦላሬና በየጣሪያው የተመታው ቆርቆሮም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ቆርቆሮ ጥሩ አስተማሪ ነው። ጠፍጣፋ ላሜራ ጫፍና ጫፉ ሲያዝ መሃሉ ይረግባል፤ ያው ላሜራ ሲሞገድ ግን ይጸናል። ጉልበቱ የመጣው ከእጥፋቱ ነውና እጥፋቱ ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል። ስስ ብረት ሲወድቅም አብዛኛውን ጊዜ ጎብጦ እንጂ ተበጥሶ አይደለም።

አንደኛው አጎባበጥ የገጽ መሸብሸብ ነው። ባዶ ጣሳ ሲረገጥ ጎኑ እንደሚጨማደደው ሁሉ፣ የፐርሊኑ ማዕዘኖች ቀጥ ብለው ሳሉ በመካከላቸው ያለው ገጽ ወጣ ገባ ይላል። የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ብራያን በ1891 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ገጹ መሸብሸብ የሚጀምርበት ጫና የሚወሰነው ውፍረቱ ለስፋቱ ባለው ንጽጽር ካሬ ነው። ጎንና ጎኑ የተያዘ 100 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ገጽ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ሲሆን በ304 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ገደማ፣ 1 ሚሊሜትር ሲሆን ግን በ76 ገደማ ይሸበሸባል። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ አቅሙ ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ገጹ ከተሸበሸበም በኋላ መሸከሙን አያቆምም። መሃሉ ሲለግም ጭነቱ ወደ ማዕዘኖቹ ይሸሻል። መሐንዲሱ ቮን ካርማን በ1932 እ.ኤ.አ. ይህን "በሚሠራ ስፋት"፣ ማለትም ጭነቱን በሚሸከመው የገጹ ክፍል፣ አሰላው፤ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ዊንተር ደግሞ በሙከራ አረመው። በዊንተር ቀመር፣ በ250 ሜጋፓስካል ጫና እጅ የሚሰጥ ብረት ከሆነ፣ ከዚያ 1 ሚሊሜትር ገጽ የሚሠራው 48 ሚሊሜትር ያህሉ ብቻ ነው፤ ከ2 ሚሊሜትሩ ግን 83 ያህሉ። የብረቱ ውፍረት እጥፍ ሲሆን አቅሙ ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል። "ቀጭኑ ይረክሳል" ብሎ የሚገዛ ሰው ይህን ሒሳብ ቢያውቅ እወዳለሁ፤ ውፍረቱም በካሊፐር ይለካ፣ በቃል አይታመን።

ሁለተኛው የቅርጽ መፋለስ ነው፤ ክንፉ፣ ማለትም ከፐርሊኑ ጀርባ ወደ ጎን የወጣው ገጽ፣ እና ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ እጥፋት፣ ማለትም ከንፈሩ፣ አብረው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይዞራሉ። ከንፈር ትንሽ ብትመስልም ሥራዋ ትልቅ ነው። 40 ሚሊሜትር ስፋትና 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ክንፍ ያለ ከንፈር በ51 ሜጋፓስካል ገደማ ይሸበሸባል፤ በቂ ከንፈር ሲኖረው ግን ይህ ቁጥር ወደ መቶዎች ይዘልቃል። ስለዚህ ለመገጣጠም እንዲመች ብሎ ከንፈሩን በግራይንደር መቁረጥ ፐርሊኑን መግደል ነው።

ሦስተኛው የሙሉው አካል መጉበጥ ነው፤ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1744 እ.ኤ.አ. ያሰላው የረጅም ቀጭን ምሰሶ መጉበጥ ዋናው ምሳሌው ነው። ሲ ቅርጽ ግን የራሱ ችግር አለው፦ ጭነት ሳያጠማዝዘው የሚያርፍበት ነጥብ ከብረቱ ውጭ፣ ከጀርባው በኩል ነው። በጀርባው ልክ ሲጫን እየጎበጠ ይጠማዘዛል።

በጦሳ ሥር ባለችው ደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሼዶች ላይ የሚዘነጋው ንፋስ ነው። ጭነት ከላይ ሲመጣ የሚታመቀው የፐርሊኑ የላይ ክንፍ ነው፤ እሱን ደግሞ ቆርቆሮው በብሎን ይዞታል። ንፋስ ጣሪያውን ወደ ላይ ሲስብ ግን የሚታመቀው የታችኛው ክንፍ ነው፤ የሚይዘው የለም። በፐርሊኖቹ መካከል የሚወጠሩት ቀጫጭን ዘንጎች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው፤ ጣሪያው ሲያልቅ ከታች ስለሚታዩ ቆሞ መቁጠር ይቻላል።